አሥራ ሁለት ፎቶ በአንድ ጥቅል፤ ከሪደርቫልድ እስከ ፒያሳ

በፍራንክፈርት ከተማ ወደ ኤንክሃይም በሚሄደው በኡ 7 ባቡር የሚመላለስ ሰው ሪደርቫልድን ሳያውቀው አይቀርም። ከ1910 ግድም ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሠራተኛ ቤተሰቦች ተብሎ የተሠራ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። የእግር ኳስ ወዳጆች የአይንትራኽት ፍራንክፈርት ክለብ ሜዳ ያለበት ብለው ያውቁታል። ታሪክ የሚወዱ ደግሞ የባቡር ጣቢያውን ስም ያነሳሉ። ዮሃና ቴሽ የሰፈሩ ነዋሪ የነበሩ፣ የጀርመን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ባገኙበት በ1919ኙ ብሔራዊ ጉባኤ የተመረጡ፣ በመጨረሻም በናዚዎች ተይዘው በ1945 በራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ ሕይወታቸው ያለፈ ፖለቲከኛ ናቸው።

ከሰፈሩ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጋው ሰፊ መንገድ ቦርዚግአሌ ይባላል። ዛሬ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዕቃ ሊገዛ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ግን በዓለም ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ስሙ በክብር የሚጠራ ኩባንያ አድራሻ ነበረው። ስሙም ፕላውበል ነው።

ኩባንያውን በ1902 ያቋቋሙት ሁጎ ሽራደር ሙያውን የተማሩት እዚያው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በዶክተር ክሩገነር የካሜራ ፋብሪካ ነበር። ንግዱ የተጀመረው በሌንስና በሻተር ሲሆን ካሜራ ወደ መሥራት የተሻገረው ቆይቶ ነው። ከካሜራዎቹ ሁሉ ስም ያወጣው “ማኪና” የተባለው ነው። ይህ ስም ለአማርኛ ጆሮ ፈገግ ያሰኛል። የልብስ ስፌቱንም፣ የጽሕፈቱንም፣ አውቶሞቢሉንም በጣሊያንኛው ቃል “መኪና” ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ የፎቶግራፍ መኪና ቢጨመርበት ምኑ ይገርማል?

የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ማኪና ሲታጠፍ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ሲከፈት ሌንሱ እንደ መቀስ በሚዘረጉ ክንዶች ተገፍቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ በመካከሉም እንደ አኮርዲዮን የታጠፈው ጥቁር ቆዳ ይዘረጋል። የሚያነሳው 6 ከግማሽ በ9 ሳንቲሜትር በሆነ የመስታወት ፕሌት ላይ ነው፤ ጀርባውን ለቀየረለትም በጥቅል ፊልም ይሠራል። በ1933 የወጣው ማኪና 2 ርቀቱን ራሱ የሚለካ መሣሪያ ከሌንሱ ጋር ተያይዞለት ስለነበረ ጋዜጠኞች ወደዱት። ከሁጎ ሽራደር በኋላ ልጃቸው ጎትስ ሽራደር ሥራውን ቀጠሉ። የፕላውበል ታሪክ ሁለተኛ ክፍል የመጣው በ1975፣ ኩባንያው ለጃፓኑ ነጋዴ ለኪሚዮ ዶይ በተሸጠ ጊዜ ነው። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን እነዚህ ካሜራዎች ምን እንደሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ማየት ይገባል።

ጥቅሉ ፊልም

በባለሙያዎች አነጋገር እነዚህ ካሜራዎች “ሚዲየም ፎርማት”፣ ማለትም መካከለኛ መጠን ያላቸው ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ባለ 35 ሚሊሜትሩ ፊልም ነው፤ በቆርቆሮ ሙዳይ ውስጥ የሚመጣው፣ ጥርስ ያለው፣ 36 ፎቶ የሚያነሳው። የሚዲየም ፎርማት ፊልም ግን ጥርስም ሙዳይም የለውም። ስፋቱ ስድስት ሳንቲሜትር ግድም ሲሆን፣ ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ተለብዶበት በእንዝርት ላይ እንደ ክር ይጠቀለላል። ቁጥሩ 120 ይባላል። ኮዳክ በ1901 ለብራውኒ ካሜራው ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ የፊልም ዓይነት በብዛት ተወልዶ በብዛት ሞቷል፤ 120 ግን ዛሬም ይሸጣል። በ1930ዎቹ የተሠራ ካሜራ ዛሬ ከሱቅ በተገዛ ፊልም ፎቶ የሚያነሳው በዚህ የተነሳ ነው።

አንዱ ጥቅል ስንት ፎቶ ይሰጣል? መልሱ እንደ ካሜራው ነው። 6 በ4 ተኩል የሚያነሳው 15 ወይም 16፣ ካሬው 6 በ6 አሥራ ሁለት፣ 6 በ7 የሚባለው አሥር፣ 6 በ9 ደግሞ ስምንት ብቻ። የካሬው ነጋቲቭ ትክክለኛ ልክ በየጎኑ 56 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ ስፋቱ የባለ 35 ሚሊሜትሩን ሦስት እጥፍ ተኩል ያልፋል። ፎቶው ሲተልቅ ፊት የማይሻክረው፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት እስከ ክሩ የሚቆጠረው፣ የሽማግሌው የግንባር መስመር የማይደበዝዘው ለዚህ ነው።

በዚህ በፊልሙ በኩል ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ባለውለታ ናቸው። በ1860 በፍራንክፈርት የተመሠረተው የዶክተር ሽሎይስነር ፋብሪካ ለፎቶግራፍ የሚሆን ፕሌት፣ በኋላም “አዶክስ” በሚባል ስም ፊልም ይሠራ ነበር። የፊልሙ አሠራር በፈቃድ ወደ ዛግሬብ ተሻግሮ “ኤፍኬ” በሚል ስም እስከ 2012 ድረስ ሲመረት ቆይቷል። ከፍራንክፈርት ወደ ሰሜን ጥቂት እንደተሄደ ደግሞ ቬትስላር አለች፤ በ1925 ላይካን ለገበያ ያወጣች ከተማ። ላይካ በትንሹ ፊልም ስለሚሠራ ኪስ ይገባል፣ 36 ጊዜም ይተኩሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁን ፊልም የሚጠቀሙ ካሜራ ሠሪዎች ሁሉ ክብደቱን እንዴት እንቀንስ፣ ዋጋውን እንዴት እናሳምን ሲሉ ኖሩ።

አጎንብሶ የሚያነሳው ካሜራ

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የተሳካው ከብራውንሽቫይግ የመጣው ነው። ፍራንከና ሃይደከ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1920 ያቋቋሙት ኩባንያ በ1929 ሮላይፍሌክስን አወጣ። ሁለት ሌንሶች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረዋል። የላይኛው ለማየት ነው፣ የታችኛው ለማንሳት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሆዱ ፊት ይይዝና ከላይ ወደ ታች፣ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ምስል ይመለከታል።

በአገር ቤት በድሮ ጊዜ ፎቶ ቤት ሄዶ የተነሳ ሰው የዚህን ካሜራ ጠባይ ያስታውሳል። ፎቶ አንሺው ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ አንገቱን ይደፋል። ከትልቅ ሰው ፊት እጅ እንደሚነሳ ሰው አጎንብሶ ነው የሚያነሳው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌንሱ ያለው በሆድ ቁመት ስለሆነ፣ የቆመው ሰው ከበታች ወደ ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ይረዝማል፣ ግርማ ሞገስ ያገኛል። በአሮጌ አልበሞች ውስጥ አጭሩ አጎት እንደ ደጃዝማች ተኮፍሰው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አያያዙ ግን ልምድ ይፈልጋል። በመስታወቱ ላይ ግራና ቀኝ ተገላብጠው ይታያሉ። ሙሽራዋን ወደ መሀል ለማምጣት ካሜራውን ወደ ቀኝ ያዞረ ጀማሪ፣ ሙሽራዋ ወደ ባሰ ጠርዝ ስትሸሽ ያያል። ደግሞም ዓይን የሚያየው በላይኛው ሌንስ፣ ፊልሙ የሚያየው በታችኛው ስለሆነ በጣም ተጠግቶ ያነሳ ሰው ያየው የራስ ጠጉር በፎቶው ላይ ተቆርጦ ያገኘዋል። ሌንሱ አይቀየርም፤ ወደ ፊት የሚያቀርበው የሰውየው እግር ነው።

ሮላይፍሌክስ ሁልጊዜም ውድ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ በ1933 ቀለል ያለውን ሮላይኮርድን አወጣ። ሌሎቹ አገሮችም ገለበጡት፤ መገልበጡን እንደ ነውር ያየው አልነበረም። ጃፓኖች ያሺካ ማትን ሠሩ። ከ1970 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል የተመረተው ያሺካ ማት 124 ጂ ብርሃን መለኪያ አለው፣ ሌንሱም የሚናቅ አይደለም። ቻይናዎች ሲጋልን፣ ሶቪየቶች ሉቢቴልን ሠሩ። ሉቢቴል አካሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ክብደቱ እንደ ባዶ ሣጥን ነው። ፊልሙ የት እንደደረሰ የሚታየው በጀርባው ባለች ቀይ መስኮት ሲሆን፣ ቁጥሩ እስኪመጣ በእጅ መጠምዘዝ ነው። ጠምዝዞ የረሳ ሁለት ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ደራርቦ ያነሳል። ርቀቱን የሚያስተካክሉባት የጠራች ነጥብ ከሽንብራ ብዙም አትበልጥም፤ ስለዚህ ብዙ የሉቢቴል ፎቶ ብዥ ያለው ሌንሱ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ዓይን ስለደከመ ነው። በረጋ እጅ፣ በጠዋት ብርሃን፣ ሌንሱን ጥቂት ጠበብ አድርጎ ያነሳ ሰው ግን ከሮላይፍሌክስ ጋር አምታቶ የሚያስቀር ፎቶ ያወጣበታል።

ፊልም በኢትዮጵያ አይሠራም፤ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ስለዚህ ለአገር ቤት ፎቶ ቤት ሒሳቡ ከካሜራው ይልቅ በጥቅሉ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ፎቶ ያለው ጥቅል አልቆ ሳይወጣ ማጠብ ኪሳራ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሳ የመጣ ተማሪ፣ ከእሱ ቀጥሎ የመጡት ባልና ሚስት፣ ከገጠር የመጡት አዛውንት ሁሉ በአንድ ጥቅል ላይ ይደረደራሉ። “ነገ ና” የሚለው መልስ ስንፍና አልነበረም። ለአንድ ሰው አንድ ምት ብቻ መሰጠቱም፣ “አትንቀሳቀስ፣ ዓይንህን አትጨፍን” የሚለው ትእዛዝም ከዚሁ የመጣ ነው። ዛሬ አንድ ሕፃን በስልክ በደቂቃ አርባ ጊዜ ይነሳል፤ ያን ጊዜ አርባ ፎቶ ማለት ሦስት ጥቅል አልፎ አራተኛውን መጀመር ማለት ነበር።

ከባዱ ወገን

ሌንስ መቀየር፣ ፊልም በመካከል መለወጥ የሚፈልግ ባለሙያ ከሁለት ዓይኑ ካሜራ ወደ ሌላ ይሄዳል። ስመ ጥሩው የስዊድኑ ሃስልብላድ ነው። በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ሻተሩ ያስቸግር ነበር፤ በ1957 የመጣው 500 ሲ ሻተሩን ከሌንሱ ውስጥ ስላደረገው ችግሩ ተወገደ። በዚህ ካሜራ ፍላሽ በየትኛውም ፍጥነት ይሠራል። የፊልሙ ጀርባ ተነቃይ ስለሆነ፣ በአንዱ ጀርባ ጥቁርና ነጭ፣ በሌላው ቀለም ተጭኖ በሠርግ መካከል መቀያየር ይቻላል። ከሌንሱ ጋር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። አንድ አመል አለው፤ ከተኮሰ በኋላ ውስጡ ያለው መስታወት አይመለስም፣ እስኪጠመዝዙት ድረስ ዓይን ጨለማ ነው የሚያየው።

የሶቪየቱ ኪየቭ 88 የዚያው የመጀመሪያው ሃስልብላድ ግልባጭ ነው። ችግሩንም አብሮ ገልብጦታል። ፊልሙን ሳይጠመዝዙ የሻተሩን ፍጥነት የነካ ሰው ማርሹን ይሰብራል። የምሥራቅ ጀርመኑ ፔንታኮን ሲክስ ከድሬስደን የሚመጣ ሲሆን፣ የየናው የካርል ዛይስ ሌንስ ስለሚገጠምለት የፎቶው ጥራት ዛሬም ያስቀናል። ነገር ግን የጠምዛዡን እጀታ በችኮላ የለቀቀ ሰው ፎቶዎቹ ጫፍና ጫፋቸው ተደራርበው ያገኛቸዋል። ፍላሽም ከ25ኛ ሰከንድ በላይ አይከተለውም፤ ስለዚህ ለቀን ሠርግ አይመችም።

የጃፓኑ ማሚያ አርቢ 67 በ1970 የወጣ የስቱዲዮ ጌታ ነው። ከሌንሱ ጋር ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ ያልፋልም። ለመተኮስ ሁለት ዘንግ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሻተሩን ይደግናል፣ ሁለተኛው ፊልሙን ያሳልፋል። ካሜራውን ማጋደም ሳያስፈልግ የፊልሙ ጀርባ ብቻ ይዞራል፤ ለቁም ፎቶም ለጎን ፎቶም ይሆናል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ካልሆነ በትከሻ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መዋል እንደ ወፍጮ መጅ መሸከም ነው። በ1969 የመጣው ፔንታክስ 6 በ7 ተራ ካሜራ ይመስላል፣ አያያዙም ይቀላል፤ መስታወቱ ሲነሳ ግን ድምፁ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ያስደነግጣል፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም እጅን ያንቀጠቅጣል።

እንግዲህ ፕላውበል ሁለተኛ የተወለደው በዚህ መካከል ነው። ኪሚዮ ዶይ ኩባንያውን ከገዙ በኋላ የቀድሞው ማኪና በአዲስ መልክ እንዲሠራ አደረጉ። በ1979 ማኪና 67 ወጣ። ስሙ የፍራንክፈርት፣ ሥራው የጃፓን፣ ሌንሱ የኒኮን 80 ሚሊሜትር ኒኮር ነው። መስታወት የለውም፣ ስለዚህ ድምፅም ንዝረትም የለውም። መቀስ የመሰሉት የድሮ ክንዶች እንዳሉ ናቸው። ሲታጠፍ ውፍረቱ ወደ ስድስት ሳንቲሜትር ይወርዳል፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ግድም ነው። ማለት፣ ከማሚያው ጋር እኩል የሆነ 6 በ7 ነጋቲቭ በግማሽ ክብደት፣ በካፖርት ኪስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰፊ ሌንስ ያለው ደብልዩ 67፣ ከዚያም 670 ተከተሉት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ምርቱ ቆመ።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ቆመ ያሰኛል። አንደኛ ዋጋው ከአማተር አቅም በላይ ነበር። ሁለተኛ ሌንሱ የማይቀየር ስለሆነ የስቱዲዮ ባለሙያ በእሱ ብቻ መኖር አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ ያው የታጠፈው ቆዳ ነው። ዘወትር የሚታጠፍ ነገር ከማዕዘኑ ይበሳል፤ ከውስጥ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም በመታጠፍ ብዛት ይበጠሳሉ፣ ያን ጊዜ ብርሃን መለኪያው ይሞታል። ማኪና ለተጓዥ፣ ለመንገድ፣ ለዝግታ የተሠራ ነው። እንደ ፎቶ ቤት ዕቃ ከሆነ አንድ ያረጀ ማሚያ ይሻላል።

ዛሬ ስንት ነው?

በፍራንክፈርት የቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንዱን ሳምንት በማይን ዳር በሻውማይንካይ፣ ሌላውን ሳምንት ከሪደርቫልድ ብዙ በማይርቀው በኦስትሃፈን በሊንድላይ ሽትራሰ ይዘረጋል። ካሜራ ሁልጊዜ አይጠፋም። ዲጂታል በመጣበት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎች ዕቃቸውን በየገበያው ስለጣሉት የሃስልብላድ ዋጋ ወርዶ ወርዶ ነበር። ከ2010 ወዲህ ወጣቶች ወደ ፊልም ሲመለሱ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። ዛሬ ሉቢቴል ከ100 ዩሮ በታች ይገኛል። ያሺካ ማት፣ ሮላይኮርድ፣ ፔንታኮን ሲክስና ማሚያ አርቢ በጥቂት መቶ ዩሮ ይገዛሉ። ሙሉ ሃስልብላድ ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው። ሥራ ላይ ያለ ማኪና 67ም እንዲሁ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወደ እጥፉ ይጠጋል።

ነገር ግን ከሻጭ ጋር የሚከራከሩበት ዋጋ የወጪው ጅማሬ ነው። አንድ ጥቅል ፊልም ከማጠቢያው ጋር 18 ዩሮ ወጣ እንበል። በ6 በ4 ተኩሉ ካሜራ አንዱ ፎቶ 1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም፣ በካሬው 1 ከ50፣ በማኪናና በማሚያ 1 ከ80፣ በ6 በ9 ደግሞ 2 ከ25 ይሆናል፤ ማተሚያው ሳይቆጠር። በ80 ዩሮ ሉቢቴል የገዛ ሰው መቶ ጥቅል ካነሳ 1,800 ዩሮ ለፊልም አውጥቷል፤ ይህ ገንዘብ ከሃስልብላድ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በሌላ በኩል ሃስልብላዱን በ1,800 የገዛ ሰው መቶውን ጥቅል ጨርሶ ካሜራውን መልሶ ቢሸጠው ገንዘቡን ባያገኝም የሚበዛውን ያገኛል። የታጠበው ፊልም ዋጋ ግን ከኪስ ወጥቶ የሄደ ነው። ብዙ ለሚያነሳ ሰው ጥሩው ካሜራ ውድ አይደለም፤ በዓመት አራት ጥቅል ለሚያነሳ ደግሞ ርካሹ ይበቃዋል።

ገበያ ላይ ካሜራ የሚያገላብጥ ሰው የታጠፈውን ቆዳ ዘርግቶ በእጅ ባትሪ ከውስጥ ያብራ፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ሾልኮ ይታያል። ሻተሩን በአንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ይተኩስ፤ ዘይቱ የደረቀ ሻተር ሲያቃስት ይሰማል። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካየ ይተወው። ፊልም ይዞ ወደ አገር ቤት ለሚጓዝ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ የተተከሉት አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ መሣሪያዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ፤ በጨዋ ቃል በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ነው። በሚላክ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ደግሞ የባሰ ነው።

የቀረው ነጋቲቭ

በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የጠፈርተኞቹ ካሜራ ሃስልብላድ ነበር። ሲመለሱ ክብደት መቀነስ ነበረባቸውና ካሜራውን እዚያው ትተው ፊልሙ ያለበትን ጀርባ ብቻ ነቅለው መጡ። ውዱ ካሜራ ጨረቃ ላይ ተጣለ፤ ቀጭኑ ፊልም ግን በጥንቃቄ ተይዞ ወደ ምድር ተመለሰ።

በኢትዮጵያም የዚህ ዓይነት ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ታሪክ በአርመናውያኑ በቦያጂያን ቤተሰብ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወረሱ። ከ1963 ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያገለገሉት ደግሞ አቶ ሸመልስ ደስታ ናቸው። የመንግሥታት መሪዎችን አቀባበል፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ስብሰባዎች፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጉዞዎች በካሜራቸው ተከታትለዋል። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፣ ዘውዱ ወደቀ። የንጉሡ ምስል ከየግድግዳው ይወርድ በነበረበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነጋቲቭ መያዝ የሚያስከብር ነገር አልነበረም። አቶ ሸመልስ በ1982 ከአገር ሲወጡ ግን የሥራቸውን ነጋቲቭ ይዘው ወጡ። በለንደን ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ኖሮ በኋላ ለኤግዚቢሽን በቃ፤ ዛሬ የንጉሡን የመጨረሻ አሥር ዓመታት ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ወደዚያ ስብስብ ይሄዳል።

የተራው ሰው ነጋቲቭ ግን ዕድሉ ሌላ ነበር። ደንበኛው የሚወስደው የታተመውን ወረቀት ነው፤ ነጋቲቩ እንደገና ለማሳተም ሲባል በፎቶ ቤቱ ይቀራል። ስደት የወጣ ሰው በሻንጣው ያደረገው ያንኑ ወረቀት፣ ነጭ ጠርዝ ያለውን፣ ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ነው። በ2018 በመጽሐፍ የወጣው “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” የተባለው ሥራ እነዚህን ከየቤተሰቡ አልበም ሰብስቦ ነው የከተማዋን ሕይወት ያሳየው። አንድ ጀርመናዊና ሁለት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የጀመሩት ነው። ሰብሳቢዎቹ ወደ ቤተሰብ አልበም መሄዳቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ያለዚያ ወዴት ይኬዳል? በ2024 በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ፒያሳ ደግሞ ለሦስት ትውልድ የፎቶ ቤት ሰፈር ነበረች።

አንዳንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ግን ነጋቲቩን ለደንበኛው የመለሰ አለ፣ አንዳንዱ ቤተሰብም የራሱ ካሜራ ነበረው። በቤቱ ዕቃ መካከል ከቡሽ ወረቀት ወይም ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ካሬ የሆነ፣ ከክብሪት ቀፎ ከፍ የሚል ነጋቲቭ ያገኘ ሰው በጣቱ ገጹን አይንካ፤ ከጫፍና ከጫፍ ይያዝ። ለማየት ነጭ ብርሃን በሚያሳይ የስልክ ወይም የኮምፒዩተር መስኮት ላይ መዘርጋት ይበቃል፣ ከላይ በሌላ ካሜራ አንስቶ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር ማድረግም ይቻላል። ከደብዛዛው ወረቀት ላይ የማይታየው የጀርባ መጋረጃ ሥዕል፣ የአባት የኮት ቁልፍ፣ የእናት የአንገት ማተብ በነጋቲቩ ላይ አለ። አሥራ ሁለቱ ካሬዎች ሦስት ሦስት ሆነው ከተቆረጡ አራት ቁራጭ ይሆናሉ፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩ በአንድ የ20 በ25 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ ሙሉው ጥቅል ይታተማል።